የተሰበረው ባሌስትራ ማንን ከሰሰ?

አጎቴ ሦስት ነገር አይወድም። ሌሊት መንዳት፣ ጭቃ ውስጥ ጎማ መቀየር እና «ተምሬያለሁ» የሚል ሰው ስለ መኪናው ሲያወራ መስማት። እኔ ሦስተኛው ላይ እወድቃለሁ። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ማቴሪያል ሳይንስና ኢንጂነሪንግ እንደደረሰኝ የነገርኩት ቀን የጠየቀኝን አልረሳውም።

«ምንድነው እሱ?»

«ጋሼ፣ ስለ ብረት፣ ስለ ሴራሚክ፣ ስለ ፕላስቲክ ነው የምንማረው።»

«ብረት ደግሞ ምኑ ይማራል? ወይ ይይዛል፣ ወይ ይሰበራል።»

አራት ዓመት ሙሉ ለዚህ ንግግር መልስ ስፈልግ ኖርኩ። መልሱ የመጣው ግን እንዳሰብኩት እኔን በሚያኮራ መንገድ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና አለችው። ከመቂና ከባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ አዲስ አበባ ያደርሳል። አንድ ሌሊት ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ ሲመጣ፣ ቆቃ ሳይደርስ ከመኪናው ሆድ ሥር «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። መኪናዋ ወደ ግራ አዘነበለች። ደግነቱ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው፤ ሰው አልተጎዳም። የኋላው ባሌስትራ ዋናው ንብር ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ሽንኩርቱ እስከ ማግስቱ ከሰዓት መንገድ ዳር ቆመ፤ ከፊሉ ፀሐይ መታው፣ ነጋዴውም ዋጋ ሰበረ።

እንዲህ ሲሆን ሁሌም ጥፋተኛ ይፈለጋል። የተገኘው ረዳቱ ነበር። የሻሸመኔ ልጅ ነው፤ ሃያ ዓመት አልሞላውም። «ከተነጋገርነው በላይ ኩንታል አስጭነሃል፣ በጎን ገንዘብ ተቀብለሃል» ተባለ። ልጁ «ጋሼ፣ በእናቴ፣ እርስዎ ካሉኝ በላይ አንድም አላስጫንኩም» ብሎ ማለ። አጎቴ አልሰማውም። የወር ደመወዙን ይዞ አሰናበተው።

እኔ ያን ሰሞን የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ ላይ ነበርኩ። የተሰበረውን ብረት ስጠኝ አልኩት። «ውሰድ፣ ምናልባት ያወራህ ይሆናል» አለኝ እየሳቀ።

አወራኝ።

መጀመሪያ በዓይን

ብዙዎቻችሁ «ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ» ስትሉ ፊልም ላይ ያለ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ይመጣባችኋል። የተሰበረ ብረት ምርመራ ግን የሚጀምረው በባዶ ዓይንና በስልክ ካሜራ ነው። መምህሬ የመጀመሪያ ቀን የነገረኝ ሕግ አጭር ነበር፦ «አትንካው፣ አትፈግፍገው፣ ሁለቱን ስብራት አታጋጥመው፤ በመጀመሪያ ፎቶ አንሳው።»

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብረት ሲሰበር የስብራቱ ፊት ላይ ጽሑፍ ይተዋል። ሁለቱን ቁራጭ «ይገጥማል ወይ?» ብላችሁ ስታጋጥሙ ጽሑፉን ትደመስሱታላችሁ። በሽቦ ብሩሽ ስታጸዱትም እንደዚያው።

የእኛን ባሌስትራ ስብራት በመስኮት ብርሃን አዘንብዬ ሳየው ሁለት ዓይነት ቦታ ነበረው። ከላይ በኩል ካለ አንድ ነጥብ የሚነሳ፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል፣ ለስለስ ያለና በዝገት የጠቆረ ክፍል አለ። የቀረው ደግሞ ሻካራ፣ እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ፣ አዲስ ግራጫ ብረት ነው። በጠቆረው ክፍል ላይ፣ ሐይቅ ውሃው ሲቀንስ ዳርቻው ላይ እንደሚተወው መስመር፣ አንዱ ሌላውን የከበበ ጭረት ይታያል። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል።

ይህ የባለሙያ ሚስጥር አይደለም፤ መጽሐፍ ሁሉ ላይ ያለ ነው። ስሙ የብረት ድካም ይባላል። ብረቱ በአንድ ጊዜ አልተሰበረም ማለት ነው። አንዲት ትንሽ ስንጥቅ ተወለደች፤ መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር፣ ጭነት በተሸከመ ቁጥር ትንሽ ትንሽ አደገች። የቀረው ጤነኛ ክፍል ጭነቱን መሸከም ሲያቅተው «ቋ!» አለ። የጠቆረው የሳምንታት ታሪክ ነው፤ የሚያብለጨልጨው የዚያች ሌሊት።

ብረት ደክሞ ይሞታል እንዴ?

ይህን ጥያቄ ዓለም በከባድ ዋጋ ነው የተማረው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክስል ተሰበረ። ፉርጎዎቹ ተደራረቡ፣ እሳት ተነሳ፣ ተሳፋሪዎቹ በር ተቆልፎባቸው ስለነበር ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። በዘመኑ ብዙ መሐንዲሶች «ብረት ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ውስጡ ተለውጦ ክሪስታል ይሆናል» ብለው ያምኑ ነበር፤ የስብራቱ ፊት ስለሚያብለጨልጭ ነው እንዲህ ያሉት። ብረት ግን ሲፈጠርም ክሪስታል ነው። ስህተቱ ያየነውን ነገር ሳናጎላ መፍረዳችን ላይ ነበር።

ቀጥሎ ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር የባቡር አክስሎችን ደጋግሞ እየጫነ ፈተነ። ብረት አንድ ጊዜ ቢጫንበት ከሚችለው በጣም ያነሰ ጭነት እንኳ ብዙ ጊዜ ሲደጋገምበት እንደሚሰበር አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1903 ደግሞ ዩዊንግና ሀምፍሪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የስዊድን ብረት ፊቱን እንደ መስታወት ወልውለው፣ እየጎበጡና እየዘረጉ በማይክሮስኮፕ ተመለከቱት። በብረቱ ቅንጣቶች ውስጥ ቀጫጭን የመንሸራተት መስመሮች ታዩ፤ መስመሮቹ እየበዙ፣ እየሰፉ ሄደው ስንጥቅ ሆኑ። ድካም የሚወለድበትን ቦታ ሰው በዓይኑ ያየው ያኔ ነው።

እኛ አዳማ ላይ ይሄ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። ቀና ብላችሁ ኮረብታውን እዩ። አዳማ አንድና አዳማ ሁለት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 136 ተርባይን አላቸው፤ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋ ዋት። እያንዳንዱ ሲሽከረከር ውስጡ ያለው ዘንግና ጥርስ ቀን ከሌሊት ይጫናል፣ ይለቀቃል። ከሥሩ የጅቡቲ ባቡር ያልፋል፣ የፍጥነት መንገዱ ይጮኻል። የምንኖረው ብረት በሚደክምበት ከተማ ውስጥ ነው።

ብርሃን የማይደርስበት

አሁን ወደ ማይክሮስኮፑ እንግባ። መጀመሪያ ትምህርት ቤት የምታውቁት፣ በብርሃን የሚሠራው አለ። ለብረት ይህን ዘዴ የጀመረው ሄንሪ ሶርቢ የተባለ የሸፊልድ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ። ብረትን ወልውሎ፣ በአሲድ ነካ አድርጎ፣ በማይክሮስኮፕ አየው። እስከዚያ ድረስ ሰው ብረትን እንደ አንድ ወጥ ነገር ነበር የሚያስበው። ሶርቢ ያየው ግን ከብዙ ትንንሽ ቅንጣቶች የተገጣጠመ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ የሚመስል ነገር ነው።

ዝግጅቱ ዛሬም ያው ነው። ከባሌስትራው የጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ውሃ እያፈሰሱ መቁረጥ፤ ውሃው ብረቱ እንዳይግል ነው፤ ከጋለ ውስጡ ይለወጣል። ቁራጩን ፕላስቲክ ውስጥ መቅበር። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፤ ከሻካራው 240 ቁጥር ጀምሮ 400፣ 600፣ 1200 እያሉ መፈግፈግ፤ ወረቀት በተቀየረ ቁጥር ቁራጩን ሩብ ዙር ማዞር። ከዚያ በጨርቅና በአልማዝ ዱቄት መወልወል። መጨረሻ ላይ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ የተጨመረበት አልኮል ለሰከንዶች ማስነካት። አሲዱ የቅንጣቶቹን ድንበር ቀድሞ ይበላዋል፤ ካርታው ብቅ ይላል። አንድ ቁራጭ ሳዘጋጅ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ሦስት ጊዜ ጭሬው እንደገና ጀምሬያለሁ።

የብርሃን ማይክሮስኮፕ ግን ድንበር አለው። ብርሃን ራሱ ማዕበል ነው፤ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር አካባቢ። ከዚያ ግማሽ ገደማ በታች፣ ማለትም ከ200 ናኖ ሜትር ያነሰውን ነገር፣ ሌንሱን ብትቀይሩትም ለይታችሁ አታዩትም። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ70 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖ ሜትር ነው ብላችሁ አስቡት። ብረት ውስጥ ወሳኝ የሆኑ ብዙ ነገሮች ከዚያ ድንበር በታች ናቸው።

እዚህ ጋ ኤሌክትሮን ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1931 በርሊን ውስጥ ኤርንስት ሩስካና ማክስ ክኖል በብርሃን ፈንታ ኤሌክትሮን የሚጠቀም፣ በመስታወት ሌንስ ፈንታ በማግኔት የሚሰበስብ የመጀመሪያውን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሠሩ። በ20 ሺህ ቮልት የተተኮሰ ኤሌክትሮን የማዕበሉ ርዝመት አንድ ናኖ ሜትር አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። ሩስካ ለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት የተቀበለው በ1986 ነው፤ ሃምሳ አምስት ዓመት ቆይቶ። ስኮላርሺፕ ዘገየብኝ የምትሉ አይዟችሁ።

እኔ የተጠቀምኩት ስካኒንግ የሚባለውን ዓይነት ነው። ከላይ እንደ ድሮ አምፖል ያለ ቀጭን የተንግስተን ሽቦ ይግላል፤ ኤሌክትሮን ይረጫል። ጨረሩ ተሰብስቦ በመርፌ ጫፍ ከሚታሰበው በላይ ቀጥኖ ብረቱን መስመር በመስመር ይጠርገዋል፣ ሰው ጽሑፍን በጣቱ እየተከተለ እንደሚያነብ። ከብረቱ ተመልሰው የሚወጡት ኤሌክትሮኖች ይቆጠራሉ፤ ብዙ የወጣበት ነጥብ ይነጣል፣ ጥቂት የወጣበት ይጠቁራል። ነጥቦቹ ተደምረው ሥዕል ይሆናሉ። አየር ኤሌክትሮኑን ስለሚበትነው ውስጡ ያለው አየር በሙሉ ይመጠጣል። ሥዕሉ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ባለቀለም የኤሌክትሮን ምስል በኋላ በኮምፒውተር የተቀባ ነው።

የእኛ አገር ተመራማሪዎች፣ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎቹ ጭምር፣ በሚያሳትሟቸው የማቴሪያል ጥናቶች ውስጥ የዚህ መሣሪያ ስም ደጋግሞ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1993 ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተጀመረው ግቢ ዛሬ እዚህ ደርሷል። ብረት ላይ ግን ገና ብዙ ይቀረናል ባይ ነኝ፤ መንገዱ ዳር የተሰበረው ብረት ሁሉ ተጠንቶ ቢሆን ኖሮ ስንት ነገር በተማርን!

ቀጥቃጩ ያውቀው የነበረው

ባሌስትራ ተራ ብረት አይደለም። ብረት ውስጥ ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን፣ ከሱም ጋር ማንጋኒዝና ክሮሚየም የመሳሰሉት ተቀይጠውበት፣ ከዚያ ግሎ፣ በፍጥነት ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልክ ሞቆ የተሠራ ነው።

ለምን ይህ ሁሉ? ካርቦን ያለበት ብረት በዝግታ ሲቀዘቅዝ ውስጡ እንደ እንጀራ በተነባበሩ ስስ ንጣፎች ይሞላል፤ አንዱ ለስላሳ ብረት፣ ሌላው ጠንካራ የብረትና የካርቦን ውሕድ። ፐርላይት ይባላል። የንጣፎቹ ውፍረት ብዙ ጊዜ ከብርሃን ድንበር በታች ስለሚሆን በኤሌክትሮን ነው በደንብ የሚታየው። ያው ብረት ከ727 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ቢነከር ግን ካርቦኑ ለመውጣት ጊዜ ያጣል፤ ታፍኖ ይቀራል። ያኔ እንደ መርፌና እንደ ስንጥር የተጠላለፈ ማርቴንሳይት የሚባል ነገር ይፈጠራል። በጣም ጠንካራ ነው፤ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ እንደገና በመጠኑ ይሞቃል፤ ጥንካሬው ትንሽ ይቀንሳል፣ መተጣጠፍ ይችላል። ባሌስትራ የሚሆነው ያኔ ነው።

ቀመሩ ከአንድ የብረት ዓይነት ሁለት ጠባይ ማውጣት ነው። ይህን ደግሞ የአገራችን ቀጥቃጭ፣ በአፋን ኦሮሞ ቱምቱ የሚባለው፣ ያለ ማይክሮስኮፕ በእጁ ያውቀዋል። አርሲም ሆነ ሸዋ የገጠር ገበያ ሂዱ፤ ብዙው ማረሻ ከአሮጌ ባሌስትራ ነው የሚቀጠቀጠው። ቀጥቃጩ የብረቱን ቀለም አይቶ፣ «ቼሪ ሲመስል» እንደሚባለው፣ ጫፉን ብቻ ውሃ ይነክራል። ጫፉ አፈር እንዳይበላው ይጠነክራል፤ ሌላው አካሉ ድንጋይ ሲመታ እንዳይሰበር ለስላሳ ይሆናል። ይህን እያወቀ ግን ለዘመናት በ«ቡዳነት» ተፈርጆ፣ ተንቆ ኖረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። እኛ መሐንዲስ ነን ባዮች ዛሬ በናይትሪክ አሲድና በኤሌክትሮን የምናየውን ያ ሰው በፍም ብርሃን አይቶታል።

ነጥቧ

ወደ ምርመራው ልመለስ። የስብራቱን ፊት መሣሪያው ውስጥ ሳስገባ የጠበቅሁት መጽሐፍ ላይ ያለውን ንጹህ ሥዕል ነበር፤ እያንዳንዱ ጭነት አንድ አንድ መስመር ጥሎ ያለፈበት። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ አልነበረም። የባሌስትራ ብረት ጠንካራ ስለሆነ መስመሮቹ በቀላሉ አይታዩም፤ ዝገቱም ብዙውን በልቶታል። አልፎ አልፎ ዝገት ባልነካው ጥግ ተደርድረው አገኘኋቸው። በሚያብለጨልጨው ክፍል ግን ብረቱ በድንገት ተቦጭቆ የተለያየባቸው ትንንሽ ጉድጓዶችና ጠፍጣፋ ስብራቶች በግልጽ ታዩ።

ዋናው ጥያቄ ግን «እንዴት አደገች?» ሳይሆን «የት ተወለደች?» ነው። ግማሽ ጨረቃዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ያመለክታሉ። ነጥቧን አቋርጬ ቆረጥኳት፣ ወለወልኳት፣ አሲድ አስነካኋት።

ሥዕሉ ሲወጣ መምህሬ «እህ!» አለ። ሌላው ቦታ በልኩ የሞቀ፣ የረጋ የባሌስትራ ብረት ነው። ነጥቧ ላይ ግን ከላይ ትንሽ ቀልጦ የረጋ ብረት፣ ከሥሩ ደግሞ ነጣ ያለ ቀጭን ሽፋን አለ፤ ያልሞቀ፣ ጥሬ ማርቴንሳይት። ጥንካሬውን ስንለካው ከጎኑ ካለው ብረት ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ሽፋኑ ውስጥ ቁልቁል የወረደች ከፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ።

«እዚህ ጋ ሰው ኤሌክትሮድ አስነክቷል» አለኝ። «ብየዳ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሆነው። በያጁ ኤሌክትሮዱን ሲያስነካ ነጥቧ በቅጽበት ትቀልጣለች። ዙሪያዋ ያለው ወፍራም ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን ይመጠዋል፤ ልክ ውሃ ውስጥ የተነከረ ያህል በሰከንድ ትቀዘቅዛለች። ካርቦኑ 0.6 ነው፤ ማርቴንሳይት ትሆናለች፤ ወዲያው ትሰነጠቃለች። ከላይ ስታዩት የምስር ፍሬ የምታህል የብየዳ ጠብታ ናት። ከውስጥ ግን ብርጭቆ ሰንጋችሁበታል ማለት ነው። የቤት ፌሮ ወይም የበር ላሜራ ካርቦኑ ዝቅተኛ ስለሆነ ይህን ይችላል፤ ባሌስትራ አይችልም።

መምህሬ እያስረዳኝ እኔ አልሰማሁትም። ብየዳውን ያስበየድኩት እኔ ነኝ።

ክረምት ላይ ነበር፣ ከአራት ወር በፊት። የባሌስትራውን ንብሮች አቅፎ የሚይዘው ብረት ወልቆ ጠፋ። አጎቴ አዲስ ገዝተህ አስገጥም ብሎ ብር ሰጠኝ። መንገድ ዳር ያለ አንድ በያጅ ጋ ወሰድኳት፤ «ምን አስገዛህ? በቁራጭ ብረት ሁለት ነጥብ አስይዤ እለቅልሃለሁ» አለኝ። ግማሽ ዋጋ እንኳ አልፈጀም። የተረፈውን ብር ጥቅል ኢንተርኔት ገዛሁበት። የዚያን ጊዜ የብረት ብየዳን ኮርስ ወስጄ ጨርሼ ነበር። ውጤቴ ኤ ነው።

ደውልለት

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። መመረቂያዬ ላይ «ስንጥቁ የተነሳው ከብየዳ ነጥብ ነው» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ «በያጁ ማን ጋ ተላከ?» የሚል ፈታኝ የለም። ሻሸመኔ ያለው ልጅ ግን ደመወዙን አላገኘም፣ ስሙም «ሌባ ረዳት» ተብሎ መናኸሪያው ሁሉ ተሰምቷል።

አራተኛው ቀን ብረቱን በላስቲክ ጠቅልዬ አጎቴ ቤት ሄድኩ። የማይክሮስኮፑን ምስል በስልኬ አሳየሁት፤ ግራጫ ነገር ነው፣ «ይሄ ጨረቃ ነው?» አለኝ። ስልኩን ተውኩትና ብረቱን እጁ ላይ አደረግሁት። ወደ ብርሃን አዘነበለው። ለረጅም ጊዜ አየው። ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ነው።

«ይሄ ጥቁሩ የዚያን ሌሊት አልተሰበረም» አለ ራሱ።

«አዎ ጋሼ። ከወራት በፊት ነው የጀመረው።»

«እና ልጁ…»

«ልጁ አይደለም፣ ጋሼ። እኔ ነኝ።» ሁሉንም ነገርኩት። በያጁን፣ የተረፈውን ብር፣ ጥቅሉንም ጭምር።

ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ስንት ተርፎህ ነበር?» ብቻ አለኝ። ነገርኩት። «ለዚያ?» አለ። ከጩኸት የበለጠ ነበር ያመመኝ።

ብረቱ ግን የኔን ብቻ አልተናገረም፤ ይህንንም መንገር ነበረብኝ። ስንጥቅ ዝም ብሎ አያድግም፤ ጭነት ያሳድገዋል። በላይ በላይ የተጫነ ሽንኩርት ሁሉ ትንሽ ትንሽ ገፍቶታል። ስንት ኩንታል እንደሚጫን የሚወስነው ደግሞ ረዳቱ አልነበረም። ይህን ስል አጎቴ ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዞር አለ። ቆይቶ «ደውልለት» አለኝ።

ልጁ ሻሸመኔ ሌላ መኪና ላይ ገብቷል። አጎቴ ስልኩን ተቀብሎኝ «ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ» አለው። ከወዲያ በኩል ትንሽ ዝምታ፤ ከዚያ ድምፁ ተሰማ፦ «ችግር የለም ጋሼ… ደመወዜም ግን ይላክልኝ።» ያን ዕለት ማታ በስልክ ተላከለት። ከኔ ኪስ ግማሹ። ተመልሶ አልመጣም፤ አልፈርድበትም።

ስልካችሁ ኪስ ውስጥ ሳለ

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ማይክሮስኮፕ እንድትገዙ አይደለም። አብዛኛው ምርመራ እናንተ እጅ ላይ ይጀምራል። ባጃጅ የምትነዱ፣ ሞተር የምትይዙ፣ ጋራዥ የምትውሉ፣ ግንባታ ላይ ያላችሁ ይህችን ያዙልኝ፦

– ብረት ሲሰበር ሳትነኩት ፎቶ አንሱ፤ ከሩቅም ከቅርብም፣ ብርሃኑን ከጎን አድርጋችሁ።

– ሁለቱን ስብራት አታጋጥሙ፤ በውሃና በብሩሽ አታጽዱ። በደረቅ ላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ።

– የጠቆረ ወይም የዛገ ክፍል ካያችሁ ስንጥቁ አሮጌ ነው። በዚያ ቀን የነበረው ሰው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት አስቡ።

– ባሌስትራ ላይ ኤሌክትሮድ አታስነኩ፤ ለ«አንድ ነጥብ» ብላችሁም አይሆንም። የብየዳ ሽቦውን መሬት እንኳ ባሌስትራ ላይ አትሰሩ። የወለቀውን ዕቃ ራሱን ግዙ።

– ተሰብሮ በብየዳ የተቀጠለ ባሌስትራ መንገድ ላይ ሊያወጣችሁ ይችል ይሆናል፤ ተሳፋሪ ወይም ጭነት ይዛችሁ ግን አትቀጥሉበት።

ስልካችሁ ራሱ የዚህ ትምህርት ልጅ ነው። ብዙ ስልኮች ጠርዛቸው የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ንጹህ አሉሚኒየም በጣት ይጎብጣል። እ.ኤ.አ. በ1906 አልፍሬድ ቪልም የተባለ ጀርመናዊ አሉሚኒየም ላይ ጥቂት መዳብና ማግኒዥየም ቀይጦ፣ አግሎ፣ በፍጥነት አቀዝቅዞ አስቀመጠው። ከቀናት በኋላ ሲለካው ማንም ሳይነካው ጠንክሮ አገኘው። ምክንያቱ ለሠላሳ ዓመት አልታወቀም፤ በ1938 ጊኒየርና ፕሬስተን በኤክስሬይ ደረሱበት፣ በኋላም ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በምስል አሳየው። የመዳቡ አቶሞች ብረቱ ውስጥ በጥቂት ናኖ ሜትር ስፋት ተሰባስበው መንሸራተቱን ያግዱት ነበር። ዝም ብሎ የተቀመጠ ብረት ውስጡ ሥራ ላይ ነበር።

አጎቴ አሁን አዲስ ባሌስትራ አስገጥሟል። የተሰበረውን ቁራጭ ግን አልጣለውም፤ ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። እንግዳ ሲመጣ አንስቶ ወደ መስኮቱ ያዘነብለዋል፦ «እስቲ እይ፣ ይሄ ጥቁሩ…» ብሎ ይጀምራል። ብረት ምኑ ይማራል ያለውን ዛሬ አያነሳውም። እኔም አላስታውሰውም። ታሪኩን ሲተርክ ጥቅል ኢንተርኔቷ ጋ ሲደርስ ብቻ እኔን ያየኛል፤ እኔም ቡና ላቅርብ ብዬ እነሳለሁ።